ሆድ ሲብስ ያለ ቁጥጥር መብላት፦ ከከፋ ስሜት ወደ ምግብ የሚወስደውን መንገድ ደረጃ በደረጃ መቁረጥ

ሌሊት ተነስቶ፣ መብራት ሳያበራ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን "ሆዳም" ብሎ ይሰድባል። በዚያም አያበቃም። "ነገ እህል የሚባል አልቀምስም" ብሎ ይምላል። ስድቡም መሐላውም ልክ አይደሉም። ይባስ ብሎ ሁለቱም ችግሩን ያባብሱታል። ለምን እንደሚያባብሱትና በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚቻል እዚህ በዝርዝር እንመለከታለን።

ያለ ቁጥጥር መብላት የታወቀ የጤና ችግር ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አልበርት ስተንካርድ እ.ኤ.አ. በ1959 ጽፎበታል። ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ለብቻው መዝግቦታል። ስለዚህ "ቆራጥ ብሆን እተወው ነበር" ማለት "ቆራጥ ብሆን አስሜ ይለቀኝ ነበር" እንደማለት ነው።

ስሜትና ምግብ እንዴት እንደሚያያዙ ለማወቅ ተመራማሪዎች አንድ ጥሩ ዘዴ አላቸው። ሰዎቹ የዕለት ኑሯቸውን እየኖሩ በቀን ደጋግመው ይጠየቃሉ፦ "አሁን ምን ይሰማዎታል? ምን በሉ?" እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንታኔ እንዲህ ያሉ 36 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። ያለ ቁጥጥር ከመብላት በፊት ስሜት ከወትሮው ይበልጥ ይከፋል። ይህን ማንም ይገምታል። የሚገርመው ሁለተኛው ግኝት ነው። ከበሉ በኋላም ስሜቱ አይሻልም፤ እንዲያውም የባሰ ይሆናል።

ታዲያ ሰው ለምን ደጋግሞ ያደርገዋል? እ.ኤ.አ. በ1991 ቶድ ሄዘርተንና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ማብራሪያ አቅርበዋል። ሰውየው የሚሸሸው ከራሱ ነው። እየበላ ሳለ ሐሳቡ ሁሉ ጠቦ አፉ ውስጥ ባለው ምግብ ላይ ይሆናል። ስድቡ፣ ትዝታው፣ የነገው ስጋት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላሉ። ከዚያ መብላቱ ያበቃል። የሸሸው ስሜት ባለበት ይጠብቀዋል፤ አሁን ደግሞ ሀፍረት ተጨምሮበታል።

እኔ እንደማምነው ቀጣዩ ያለ ቁጥጥር መብላት የሚጀምረው ያለፈው ባበቃበት ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ስድስተኛው የረዘመው ለዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ራስን በራስ መርዳት ለብዙ ሰው ይሠራል። ለሁሉም ግን አይበቃም። ከሚከተሉት አንዱ እርስዎ ጋ ካለ መመሪያውን ቢያነቡትም መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፦

የበሉትን የሚያስመልሱ ከሆነ፣ ወይም የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ክብደትዎ በጣም ከቀነሰ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ። የስኳር ሕመም ኖሮብዎት ክብደት ለመቀነስ ብለው ኢንሱሊን የሚዘሉ ከሆነ።

ተደጋጋሚ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሺየም ያወርዳል። ፖታሺየም ሲወርድ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ራስዎን ከሳቱ፣ ልብዎ ያለ ወትሮው ከመታ ወይም ትውከትዎ ውስጥ ደም ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎትም እንደዚያው። ያን ሰዓት ብቻዎን አይሁኑ። ለሚያምኑት ሰው "አብረኸኝ ሁን" ወይም "አብረሽኝ ሁኚ" ይበሉ።

ደረጃ 1፦ የእርስዎ ችግር የቱ እንደሆነ ይለዩ

ድግስ ላይ አብዝቶ መብላት ሕመም አይደለም። ማንም ያደርገዋል። ሕመሙን የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት፣ ሌላ ሰው በዚያው ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የበዛ ምግብ መብላት። ሁለተኛ፣ "ማቆም አልችልም" የሚል ስሜት። ዋናው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሐኪሞች ሌሎች ምልክቶችንም ይጠይቃሉ። ከወትሮው በፍጥነት መብላት። ሆድ እስኪያም መብላት። ሳይርብ ብዙ መብላት። አፍሮ ተደብቆ መብላት። ከዚያም ራስን መጸየፍ፣ መተከዝ፣ መጸጸት። ከእነዚህ ሦስቱ ካሉ፣ ነገሩም በአማካይ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር ከቀጠለ፣ ሕመሙ አለ ለማለት ይቀርባሉ።

ከበሉ በኋላ ማስመለስ፣ መጾም ወይም ከልክ በላይ ስፖርት መሥራት ካለበት ሕመሙ ቡሊሚያ ሊሆን ይችላል። መወፈርን ፈርቶ ራስን የማስራብ ሕመም የሆነው አኖሬክሲያ ካለባቸው ሰዎችም ያለ ቁጥጥር የሚበሉ አሉ። ከሰውነት ቅርጽ ማወቅ አይቻልም። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ሴቷም ወንዱም ይታመማሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ይህ ሕመም የነበረባቸው ሴቶች 3.5 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የሴት ብቻ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ወንድ ለሐኪሙም አይናገር፣ ለጓደኛውም አይናገር፤ ይዞት ይኖራል።

መብላቱ ብዙ ባይሆንም "ማቆም አልቻልኩም" ብለው የሚሰቃዩ ከሆነ፣ መመዘኛውን ሙሉ በሙሉ ባያሟሉም ይህ መመሪያ ለእርስዎም ነው።

ደረጃ 2፦ ስሜቱን ከመንካትዎ በፊት በሰዓቱ ይብሉ

ብዙ ሰው ስሜቱን ለማስተካከል ይቸኩላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "ዛሬ ምሳ በልተዋል?" ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶባቸው ነበር። ሰዎቹ በፈቃዳቸው የገቡ፣ አካላቸውም አእምሯቸውም ደህና መሆኑ የተመረመረ ነበሩ። ከዚያ ግን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። ተነጫናጭ ሆኑ፤ ድብርት ያዛቸው። እንደ ልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ እስኪያማቸው በሉ፤ በልተውም አልጠገቡም። ረሃብ ብቻውን ጤነኛውን ሰው ይህን ያህል ከለወጠው፣ ቀድሞ ሆዱ የባሰውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ያስቡት።

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል። በቀን ሦስት ዋና ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ። በመካከላቸው ከአራት ሰዓት በላይ አይለፍ። በኦክስፎርድ የሠራው ሐኪም ክሪስቶፈር ፌርበርን ባዘጋጀው ሕክምና ውስጥ ይህ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነው።

ሲሠሩት እንዲህ ያድርጉ፦

ማታ ላይ የነገውን የምግብ ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ምን እንደሚበሉ ገና አይጨነቁ፤ መቼ እንደሚበሉ ብቻ ይወስኑ። ስልክዎ ላይ ደወል ይሙሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ባይርብዎትም ይብሉ። ለወራት ወይም ለዓመታት የተዛባ ረሃብና ጥጋብ ቶሎ ስለማይስተካከል ለጊዜው የሚታመነው ሰዓቱ ነው።

"የተከለከለ" ብለው የያዙትን ምግብ ዝርዝር ቀስ በቀስ ያሳጥሩት። ዳቦን ለሳምንት የከለከለ ሰው የሚያምረው ዳቦ ነው። ሚዛን ላይ በየቀኑ አይውጡ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። እሱም ቀንዎን የሚያበላሽ ከሆነ ለጊዜው ይተዉት።

"መክሰስ ጨምሬ ልወፍር ነው" የሚል ፍርሃት መምጣቱ አይቀርም። ፍርሃቱን አልንቀውም። ግን አስቡት፦ አንድ ማታ ያለ ቁጥጥር የሚበላው ከስንት መክሰስ ይበልጣል? በሰዓቱ መብላት የሚቀንሰው ያንን ማታ ነው።

ይህን ደረጃ ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻውን ይሥሩት። አንዳንድ ሰው ችግሩ እዚሁ ላይ በግማሽ ሲቀልለት ያያል። ለስሜት የተረፈው ግማሽ ነው።

ደረጃ 3፦ እንደሆነ ወዲያው ይጻፉ

ትንሽ ደብተር ይያዙ፤ ስልክም ይሆናል። ሰዓቱን፣ የበሉትን፣ የት እንደነበሩ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነና ምን እንደተሰማዎት ይጻፉ። ካሎሪ አይቁጠሩ። ማታ ላይ አስታውሶ መጻፍ ብዙም አይረዳም፤ ሀፍረት ትዝታን ያዛባል። እዚያው ይጻፉት፤ ሁለት መስመር ቢሆንም ይበቃል።

እንዲህ ያለ ገጽ እናስብ፦

ጠዋት 2፡00፦ ቡና ብቻ። ትናንት ብዙ ስለበላሁ።
ከሰዓት 7፡00፦ ምሳ አልበላሁም። ስብሰባ ላይ አለቃዬ በሰው ፊት "ይህን እንኳ አትችዪም?" አለኝ። ሳቅሁ።
11፡30፦ ወደ ቤት እየሄድኩ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖኛል። ስልክ ተደወለ፣ አላነሳሁም።
ማታ 1፡00፦ ወጥ ቤት። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ልጆቹ ያስተረፉት። ቆሜ።
2፡00፦ ሆዴ ተወጥሯል። ራሴን ጠላሁት። ነገ ምንም አልበላም።

ይህችን ሴት ብትጠይቋት "ድንገት መጣብኝ" ትላለች። ገጹ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። መናደድ ሲገባት ሳቀች። 11፡30 ላይ ሰውነቷ "አልተመቸኝም" ብሏታል። የሚያነጋግራት ሰው ሲደውል ስልኩን አላነሳችም። ማታ 1፡00 ላይ ቆማ ራሷን ለመግታት መታገሏ በጣም ከባድ ነበር። 11፡30 ላይ ግን ብዙ ነገር ይቻል ነበር። የመጨረሻውን መስመርም ልብ ይበሉ። "ነገ ምንም አልበላም" ያለችው የነገው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ነው።

የእርስዎን ደብተር ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲያነቡ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ የእርስዎን 11፡30። አንዳንዱ ጋ እሑድ ከሰዓት ነው። አንዳንዱ ጋ ከእናቱ ጋር በስልክ ካወራ በኋላ ነው። አንዳንዷ ጋ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል፣ ሌላው ጋ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ለት።

ደረጃ 4፦ ስሜቱን ለይተው ይጥሩት

"ደብሮኛል" በጣም ሰፊ ነው። ከሥሩ ንዴት፣ ስጋት፣ ብቸኝነት፣ መሰላቸት፣ ሀፍረት፣ ሐዘን ወይም ተራ ድካም ሊኖር ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት መፍትሔ አይፈልጉም።

ስሜትን መሰየም በራሱ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲጠሩት አሚግዳላ የሚባለው፣ ለስጋት የሚነቃው የአንጎል ክፍል ረገብ እንደሚል በምስል አሳይተዋል።

ስሜቱ ምን እንደሆነ ጨርሶ የማይገባው ሰው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ "ምን ሆንክ?" ብሎ የጠየቀው ሰው ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከሰውነቱ ይጀምር። መንጋጋው ተነክሷል? ጉሮሮው ታንቋል? እጁ ተጨብጧል? ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል? ተነክሶ የቆየ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ንዴት ነው። የታነቀ ጉሮሮ ያልወጣ ለቅሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ "ይህ ስሜት ምን ይፈልጋል?" ብለው ይጠይቁ። ንዴት የሆነ ነገር እንዲባል ይፈልጋል። ለአለቃው ዛሬውኑ መመለስ ባይቻል እንኳ የማይላክ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ወይም ለጓደኛ "ዛሬ እንዲህ ተባልኩ፤ ተናድጃለሁ" ማለት። ብቸኝነት የሰው ድምፅ ይፈልጋል። ድካም እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ሌላ ምንም አይደለም። መሰላቸት እጅን የሚይዝ ሥራ ይፈልጋል። ሐዘን ለቅሶ ይፈልጋል፤ ያልቅሱ።

ሀፍረትና ጥፋተኝነት ለብቻቸው መታየት አለባቸው። እነዚህ ሁለቱ ይደበቃሉ። ወደ ሰው ከመሄድ ይልቅ ወደ ምግብ መሄድን ይመርጣሉ። የሚያቀልላቸው ቢኖር አንድ የማይፈርድ ሰው ሲሰማቸው ነው። ያ ሰው ከሌለ ሕክምና ከሚረዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የባለሙያው ክፍል ውስጥ ገብተው ነገሩን ጮክ ብለው የሚናገሩበት ቀን ብዙዎች "ቀለለኝ" የሚሉበት ቀን ነው።

ደረጃ 5፦ ግፊቱ ሲመጣ

የመብላት ግፊት ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይወርዳል። ካልበሉለት እየጨመረ ሄዶ የሚያፈነዳ ይመስላል እንጂ አያፈነዳም። አላን ማርላት የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሱስ ላለባቸው ሰዎች ያስተማረው ዘዴ እዚህም ይጠቅማል። ግፊቱን አይታገሉት፣ አይታዘዙትም፤ እያዩት ይቆዩ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ከበሉ አራት ሰዓት አልፏል? አልፎ ከሆነ ይህ ረሃብ ነው። ሳህን ላይ ያቅርቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። ረሃብን በትንፋሽ ማሸነፍ አይቻልም፣ አይገባምም።

ካልሆነ ከወጥ ቤት ይውጡ። ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ግፊቱ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ይጻፉት። ሰውነትዎ ላይ የት ነው ያለው? አፍ ላይ? ደረት ላይ? እጅ ላይ? ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ የሚያስወጡት ትንፋሽ ከሚያስገቡት ይርዘም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቁጥሩን እንደገና ይጻፉ። 9 የነበረው 9 ሊሆን ይችላል። ከዚያ 8። ከዚያ 9። ከዚያ 6። ይህን በዓይንዎ በወረቀት ላይ ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። "አያልፍም" የሚለው ሐሳብ ልክ እንዳልሆነ ማስረጃው እጅዎ ላይ አለ።

ሲቀመጡ የሚሠሩትን አስቀድመው ያዘጋጁ። ግፊቱ በበረታበት ሰዓት አእምሮ አዲስ ሐሳብ አያፈልቅም። ስለዚህ በሰላሙ ጊዜ አምስት ስድስት ነገር ዘርዝረው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉ። እጅን ወይም ድምፅን የሚይዝ ይሁን። ገላ መታጠብ፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንካት፣ ወጣ ብሎ መሄድ፣ ልብስ ማጠብ፣ መዝፈን፣ መጸለይ፣ የሆነ ሰው ጋ መደወል። ቴሌቪዥን ዝርዝሩ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ እያዩ መብላት ይመቻል።

ለሚደውሉለት ሰው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። "ዛሬ ከፍቶኛል፤ አሥር ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አውራኝ" ይበቃል። ሰውየውን አስቀድመው ቢያስማሙት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ከጀመሩ በኋላስ? መሃል ላይ ማቆም ይቻላል። ብዙ ሰው "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ እስከ ጥግ ይሄዳል። ቦርሳዎን ያውርዱ። ይቀመጡ። መብራት ያብሩ። የቀረውን ሳህን ላይ ያድርጉት። አንዳንዴ ይህ ብቻ ያስቆመዋል። ባያስቆመውም ያሳጥረዋል፤ ያጠረው ማታ ደግሞ ደብተሩ ላይ እንደ ለውጥ ይመዝገብ።

ደረጃ 6፦ ከበሉ በኋላ ያለው ሰዓት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ያለቀ ነገር ይመስላል። ሆድ ተወጥሯል፣ መጠቅለያው ወለል ላይ ተበትኗል፣ ሰውየው ራሱን ሊያይ አይፈልግም። ቀጣዩ ግን የሚወሰነው አሁን ነው።

መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር። አያስመልሱ። ማስመለስ የበሉትን ሁሉ አያወጣም። "በኋላ ስለማወጣው ልብላ" የሚል ፈቃድ ግን ይሰጣል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይውሰዱ። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ እዚያ ሲደርስ አብዛኛው ካሎሪ ተመጥጧል። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው። ማታውኑ ለመሮጥ አይውጡ። ሚዛን ላይ አይውጡ። መስታወት ፊት ቆመው ሆድዎን አይጨብጡ።

ካስመለሱ ደግሞ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎን ወዲያው አይቦርሹ። አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ስላለሰለሰው ብሩሹ ይፍቀዋል።

አሁን የሚደረገው። ቀበቶ ይፍቱ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ይልበሱ። ውኃ ፉት ይበሉ። መጠቅለያውን አንስተው ይጣሉ፤ ይህን ሲያደርጉ አይቸኩሉ፣ ራስዎን አይስደቡ። ደብተሩን ያውጡና ይጻፉ። ባዶ የቀረ ገጽ የተደበቀ ገጽ ነው።

ከዚያ ለራስዎ የሚሉትን ይስሙ። "ቆሻሻ ነኝ" ይላሉ? ይህንኑ ያደረገች እህትዎ ብትሆን ምን ይሏት ነበር? "ቀኑ ከባድ ነበር። ምሳም አልበላሽም። ነይ ተኚ።" ይህንኑ ለራስዎ ይበሉት፤ ጮክ ብለው ቢሆን ይመረጣል። ሞኝነት ሊመስልዎት ይችላል። እንደዚያም ቢሰማዎት ይበሉት። ለራስ መራራት ስንፍናን ያመጣል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ያመጣ ቢሆን ኖሮ ለዓመታት ሲሰድቡት የኖሩት ራስዎ እስካሁን በዳነ ነበር።

ለዚህ ማታ አንድ ሕግ ያውጡ፦ ምንም መሐላ የለም። "ከነገ ጀምሮ ስኳር የለም"፣ "ከሰኞ ጀምሮ ጾም ነው" አይባልም። ውሳኔ ለነገ ከሰዓት ይቆይ። ይተኙ።

ጠዋት ቁርስ ይብሉ።

ከመመሪያው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አይርብዎትም። ሆድዎ ገና ከብዷል። "ትናንት የሁለት ቀን በልቻለሁ" ይላሉ። ያም ሆኖ ትንሽ ነገር በሰዓቱ ይብሉ። ምሳንም በሰዓቱ። ቁርስ ያልበላ ሰው ማታ ላይ የተራበም ያፈረም ሆኖ ቤቱ ይገባል። በዚያች ምሳሌ ገጽ ላይ ጠዋት 2፡00 የተጻፈው "ቡና ብቻ" ነበር።

ከሰዓት፣ ሆድም ልብም ረጋ ሲል፣ ገጹን ያንብቡት። ስህተት ለመፈለግ አይደለም። 11፡30 የቱ ጋ ነበር? በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ሰዓት ላይ ምን ማድረግ ይቻላል? አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ስልኩን ማንሳት ሊሆን ይችላል። ከሥራ ሲወጡ መክሰስ መብላት ሊሆን ይችላል።

አብረውት ለሚኖሩ

የምትወዱት ሰው ይህ ካለበት ምግብ አትደብቁበት፣ ሳህኑን አትቁጠሩ፣ ስለ ክብደቱ አስተያየት አትስጡ፤ ለማድነቅ ብላችሁም ቢሆን "ከሳህ"፣ "አማረብሽ" አትበሉ። አብራችሁ በሰዓቱ ብሉ። ገበታ ላይ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ብቻችሁን ስትሆኑ "ሰሞኑን የከፋህ መስሎኛል፤ ላዳምጥህ?" በሉት። እምቢ ካለ ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ጠይቁት።

ደረጃ 7፦ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

ሁለት ሦስት ወር ሠርተውበት ለውጥ ከሌለ፣ ወይም መጠበቅ ካልፈለጉ ከመጀመሪያውም፣ ባለሙያ ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ መጀመሪያ የሚመክረው ባለሙያ እየደገፈው ራስን መርዳትን ነው፤ ያ ካልበቃ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናን። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን ኃይለኛ ስሜት ለሚያሰቃያቸው ሰዎች የፈጠረችው ሕክምናም ያለ ቁጥጥር ለሚበሉ ተስተካክሎ ተሞክሯል፤ መብላትን እንደቀነሰም ታይቷል። መድኃኒትም አለ። ፍሉኦክሰቲን ለቡሊሚያ ይታዘዛል። ሊስዴክስአምፌታሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ መካከለኛና ከባድ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ተፈቅዷል፤ ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችልና ልብንም ስለሚነካ ያለ ሐኪም አይነካም።

የምግብ ነክ ሕመም ባለሙያ በቅርብ ከሌለ የአእምሮ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ይጀምርልዎታል። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ቃል ሊጠፋዎት ስለሚችል አስቀድመው ይጻፉትና ያንብቡለት፦

"ሲከፋኝ ማቆም እስኪያቅተኝ እበላለሁ። በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ይሆናል። ከጀመረኝ ይህን ያህል ወር ሆኖታል። ከበላሁ በኋላ አስመልሳለሁ ወይም አላስመልስም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

የደብተርዎን ጥቂት ገጾች ይዘው ይሂዱ። የሚያስመልሱ ከሆነ የደም ምርመራና የልብ ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ። ሐኪሙ ነገሩን ሳይሰማ "ክብደት ቀንስ" ወይም "ዳይት ጀምሪ" ብሎ ሊሸኝዎት ቢል "ዳይት ስጀምር ይብስብኛል፤ እኔ የመጣሁት ያለ ቁጥጥር ስለመብላቴ ነው" ይበሉት። ከዚያ በኋላም ካልሰማዎት ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይያዙ፤ እስከዚያው ግን ቁርሱም ምሳውም በሰዓቱ ይቀጥል።